በቻይናም በአሜሪካም ኩንግ ፉ ቤት ከመግባታችሁ በፊት

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጥያቄ ደረሰኝ። አንደኛው ከአዲስ አበባ ነው። ልጁ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ቻይና የሚወስደው ስኮላርሺፕ አግኝቷል። ምድቡ ሄናን ክፍለ ሀገር ነው። "ሻውሊን ቅርቤ ነው ማለት ነው፤ እንዴት ብዬ ልግባ?" ይላል። ሁለተኛዋ እዚሁ ሜሪላንድ ያለች እናት ናት። ልጇን ኩንግ ፉ ልታስመዘግብ ብትሄድ የዓመት ውል ፈርሚ አሏት። "ወንድምዬ፣ ኩንግ ፉ በውል ነው እንዴ?" አለችኝ።

የሁለቱም መልስ ከአንድ ቦታ ስለሚነሳ እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው። እኔ ዉሹ፣ ማለትም ኩንግ ፉ የምንለውን የቻይና የትግል ጥበብ፣ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ነው። ቀጥሎ የሄናን ዋና ከተማ በሆነችው ዠንግዡ ስማር፣ በዕረፍት ቀኖቼ ወደ ዴንግፌንግና ወደ ቼንጃጎው መንደር እመላለስ ነበር። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ እዚህም ልምምድ አላቋረጥኩም። ዓመተ ምህረት ስጠቅስ ሁሉም በፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ ግንኙነቱን እወቁ

የትኛውን ስታይል ልምረጥ የሚለውን ለጊዜው አቆዩት። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ከአስተማሪው ጋር የምትገቡበት ግንኙነት ነው። በቻይና ባህላዊ መምህር ዘንድ ስትገቡ የምትገቡት ቤተሰብ ውስጥ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ግን ደንበኛ ወይም የማኅበር አባል ትሆናላችሁ። አከፋፈሉ፣ አጠያየቁ፣ እርማቱ፣ ስንብቱ ሁሉ ከዚህ ይቀዳል። ሰው የሚቀየመው የአንዱን ቤት ሥርዓት ይዞ ሌላው ቤት ሲገባ ነው።

እኛ የቻይናውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። የአብነት ተማሪ የኔታ ዘንድ ሲገባ የዋጋ ዝርዝር አይጠይቅም። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይላላካል። የኔታም ጠባዩንና ትዕግሥቱን እያዩ ትምህርቱን ይጨምሩለታል። በኋላ ሰው ሲጠይቀው "ከማን ተማርክ?" ነው የሚለው። ባህላዊው የቻይና ቤትም አካሄዱ ይኸው ነው። መምህሩ አባት ነው፤ የመምህሩ መምህር አያት። ከእናንተ በፊት የገባ ሁሉ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው። ቆጠራው በዕድሜ ሳይሆን በገባችሁበት ጊዜ ስለሆነ፣ እናንተ 30 ዓመት ሞልቷችሁ የ15 ዓመት ልጅ ታላቃችሁ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ቀድማችሁ አትሰለፉም።

ቻይና ውስጥ የትኛው ቤት?

ቻይና ውስጥ "የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት" የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም።

ዴንግፌንግ ከዠንግዡ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሶንግሻን ተራራ ሥር ያለ ከተማ ነው። እዚያ ያለው የሻውሊን ገዳም በ495 እንደተመሠረተ ይነገራል። ከተማውን የሞሉት ግዙፍ ትምህርት ቤቶች ግን የቅርብ ጊዜ ናቸው። ትልቁ፣ ታጎው፣ በ1978 በሊዩ ባውሻን የተመሠረተ ነው። ዛሬ ተማሪዎቹ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። በ1982 ጄት ሊ የተወነበት የሻውሊን ፊልም ከወጣ በኋላ ወጣቱ ወደዚያ ጎረፈ። እነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ልጆቹ ግማሽ ቀን ቀለም ይማራሉ፣ የቀረውን በሰልፍ ይሠለጥናሉ። አሰልጣኙ ደመወዝተኛ ነው፤ ዛሬ እሱ፣ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቤተሰቡ ሥርዓት እዚያ ሳስቶ ነው የምታገኙት። ክፍያው በደረሰኝ ነው። የውጭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይመደባል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዴንግፌንግ ውስጥ ግራጫ የመነኩሴ ልብስ የለበሰ ሁሉ መነኩሴ አይደለም። "የስንተኛው ትውልድ ተዋጊ መነኩሴ" የሚል ወረቀት በገንዘብ የሚሰጥ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሁለተኛው የመንደርና የቤተሰብ ቤት ነው። ከዠንግዡ ቢጫ ወንዝን ተሻግራችሁ ወን የሚባል ወረዳ ውስጥ ቼንጃጎው አለ፤ በዝግታ የሚሠራው የቻይና የትግል ጥበብ፣ የታይ ቺ መንደር። ጥበቡ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከቼን ዋንግቲንግ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። ለረጅም ጊዜ ከቼን ቤተሰብ ሳይወጣ ቆይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያንግ ሉቻን የሚባል የሌላ ቤተሰብ ሰው እዚያ ተምሮ ወደ ቤጂንግ ወሰደው። በ2020 ዩኔስኮ ታይ ቺን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። እዚያ መንደር ውስጥ ዛሬም ትልልቅ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ በግቢያቸው ጥቂት ሰው የሚያስተምሩ ሰዎችም አሉ። ከቻላችሁ ሁለተኞቹን ፈልጉ።

ሦስተኛው መናፈሻ ነው። ለስኮላርሺፑ ልጅ የመከርኩት ይህንን ነው። የውጭ ተማሪ ጊዜም ገንዘብም የለውም። መናፈሻ ሁለቱንም አይጠይቅም። ቤጂንግ ሰማይ መቅደስ መናፈሻ ብትሄዱ፣ ዠንግዡም የትኛውም ትልቅ መናፈሻ ብትገቡ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዛፍ ሥር የሚሠሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ከመካከላቸው አርባ ዓመት የሠራ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ማንም ሳያውቀው።

አገባቡ እንዲህ ነው። ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ ተመልከቱ። ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ። እረፍት ሲያደርጉ ሰላምታ ስጡ፦ ቀኝ እጅ ይጨበጣል፣ ግራ መዳፍ ተዘርግቶ በላዩ ይገጠማል፣ ደረት ፊት ለፊት። እጆቹን አታቀያይሩ፤ ተገልብጦ ሲሠራ ከሐዘን ጋር ይያያዛል። መጀመሪያ መምህሩን ሳይሆን አንዱን ነባር ተማሪ አናግሩ። ከዚያ በማግስቱ ተመለሱ፣ በሳልስቱም። መጥቶ የሚጠፋ የውጭ ሰው ብዙ ስላዩ፣ የሚመዝኗችሁ በምላሳችሁ ሳይሆን በመመለሳችሁ ነው። አንድ ቀን አንደኛው ሽማግሌ በእጁ ጠርቶ ከኋላ ያሰልፋችኋል። ያኔ ገብታችኋል ማለት ነው።

ስለ ሰነድም አንድ ቃል። ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ከሆነ ቪዛችሁ በዚያ ነው፤ በትርፍ ጊዜያችሁ ልምምድ ብታደርጉ ችግር የለውም። ኩንግ ፉ ብቻ ልማር ብላችሁ የምትሄዱ ግን ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ ለመቀበልና የቪዛ ወረቀት ለመስጠት የተፈቀደለት መሆኑን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አረጋግጡ። ከ180 ቀን በላይ የሚቆይ የትምህርት ቪዛ ያለው ሰው በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ከሆቴል ውጭ የሚያድር ሰውም በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ ይመዘገባል። ይህን መምህሩ አያስታውሳችሁም።

አጠራርና አቀማመጥ

ገና ቤተሰብ ሳትሆኑ ሰውን ሁሉ "ሺፉ"፣ ማለትም መምህር አባቴ፣ አትበሉ። በቤተሰብ ስሙ ጀምራችሁ "ዋንግ ላውሺ"፣ "ሊ ላውሺ" ብትሉ የትም አትሳሳቱም፤ "መምህር ዋንግ" እንደማለት ነው። በትልልቅ ትምህርት ቤቶች አሰልጣኙን "ጃውልየን" ይሉታል። የግል ስሙን ብቻ ነጥላችሁ መጥራት ግን ነውር ነው።

ከልምምድ በኋላ ሻይ ወይም ምግብ ካለ አትቅሩ። ብዙው ትምህርት የሚወራው እዚያ ነው። መምህሩ ብዙ ጊዜ በሩን ፊት ለፊት በሚያየው ወንበር ይቀመጣል፤ እናንተ እስክትባሉ ቁሙ። ጽዋ ስታጋጩ የጽዋችሁን ከንፈር ከእሱ ዝቅ አድርጉ። መጠጥ የማትቀምሱ ከሆነ በሻይ ማጋጨት የታወቀ ነገር ነው፣ ማንም አይከፋም። ሻይ ስትቀዱም ስትቀበሉም በሁለት እጅ ነው፤ ይህንን እኛ ከቤታችን ይዘነው ነው የምንሄደው።

ጾመኞች፣ ቶፉና አትክልት በየትኛውም የሄናን ምግብ ቤት አለ፤ ግን የአሳማ ስብ እንዳይገባበት በግልጽ ተናገሩ። ሙስሊሞች ደግሞ የሁዊ ሙስሊሞችን ምግብ ቤቶች ፈልጉ፣ ዠንግዡ ውስጥ ሞልተዋል። እግረ መንገዴን፣ ሁዊዎች የራሳቸው ትልቅ የትግል ጥበብ ባህል አላቸው። ባጂ የሚባለው ስታይል የወጣው ሄበይ ክፍለ ሀገር፣ ሳንግዡ አካባቢ ካለው የመንግ መንደር የሁዊ ማኅበረሰብ ነው። ሄናን ውስጥም ሲንዪ ሊዩኸ የሚባለውን ያቆዩት እነሱ ናቸው። ሙስሊም ኢትዮጵያዊ ሆኖ ኩንግ ፉና ቡድሃ የማይነጣጠሉ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይወቅ።

ተማሪ መሆንና ልጅ መሆን

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይሄ ነው። በባህላዊው ቤት ሁለት ዓይነት ሰው አለ። እየከፈለ የሚማር ተማሪ አለ። በሥርዓት የተቀበሉት ደቀ መዝሙር ደግሞ አለ። ሥርዓቱ ባይሺ ይባላል። የሚያስተዋውቃችሁ ሰውና ምስክር ያስፈልጋል። ቃል የተጻፈበት ወረቀት ታቀርባላችሁ፣ ተንበርክካችሁ ለመምህሩ ሻይ ትሰጣላችሁ፣ ብዙ ቦታም ግንባር መሬት እስኪነካ ይሰገዳል። በቀይ ፖስታ ገንዘብ ይሰጣል። ስማችሁ በትውልድ ዝርዝሩ ውስጥ ይጻፋል።

ቀይ ፖስታው ውስጥ አዲስ ብር ይሁን። 4 ቁጥር ያለበት መጠን አይሆንም፣ አጠራሩ ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል ይሸሹታል። 8 ይወዳሉ። በሁለት እጅ ስጡ፤ ፊታችሁ እንዲከፍተው አትጠብቁ። ስንት ይሁን የሚለውን መምህሩን አትጠይቁ፣ ታላቅ ወንድማችሁን ጠይቁ። መምህሩ ራሱ ዋጋ ከጠራላችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ቤተሰብ ሳይሆን ሽያጭ ነው።

ስግደቱ ብዙ ወገኖቻችንን ያስጨንቃል። ትክክልም ነው። በኦርቶዶክስ ትምህርት የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት ይለያያሉ፣ ስለዚህ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል ይሆናል። ለፕሮቴስታንቱና ለሙስሊሙ ግን ላይሆን ይችላል። ይህን በዕለቱ ሰው ተሰብስቦ ባለበት አታንሱት። ከሳምንታት በፊት በታላቅ ወንድማችሁ በኩል አስነግሩ። ከወገብ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ ሻይ ማቅረብን በደስታ የሚቀበሉ መምህራን አሉ። የማይቀበል ከገጠማችሁ ተማሪ ሆናችሁ ቀጥሉ። ተማሪ ሆኖ ብዙ ዓመት መማር ነውር የለውም።

ገብታችሁ ከሆነ ግን ግዴታው የዕድሜ ነው። በቻይናውያን አዲስ ዓመት ትደውላላችሁ፣ ቅርብ ከሆናችሁ ትሄዳላችሁ። ጳጉሜን 5፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10፣ የመምህራን ቀን አለ፤ ከ1985 ጀምሮ ይከበራል። ያን ቀን መርሳት ያስቀይማል። መምህሩ ሲታመም፣ ልጁን ሲድር፣ እናንተም አላችሁበት። እሱም እንደዚያው ነው። ዠንግዡ ሳለሁ ወባ መሰለኝ ብዬ የተኛሁ ጊዜ ሾርባ በቴርሞስ ይዞ ዶርም ድረስ የመጣው የልምምድ መምህሬ ነበር። ዘበኛው አላስገባ ብሎት ታች ቆሞ ጠበቀኝ። ይህን ዓይነት ነገር በየትኛውም ወርሃዊ ክፍያ መግዛት አይቻልም፤ እንድትገቡም የምገፋፋው ለዚህ ነው። ግን ለአንድ ሴሚስተር የሄደ ሰው ባይሺ አያድርግ። የማትጠብቁትን ቃል አትስጡ።

ጥያቄና እርማት

ቻይና ውስጥ የመጀመሪያው ጊዜ የመቆም ነው። ማቡ፣ ማለትም የፈረስ አቋቋም፣ እግር እስኪንቀጠቀጥ። "ይሄ ለምንድን ነው?" ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ፤ መምህሩን የምትፈትኑ ያስመስላል። ጥያቄያችሁን በሰውነት ጠይቁ። እንቅስቃሴውን ሠርታችሁ "እንዲህ ነው?" በሉ። ያኔ እጁን ዳሌያችሁ ላይ ጭኖ ያወርዳችኋል። አንድ ጊዜ ከነካችሁ ያን ቦታ ሌሊቱን ሥሩበት፣ በማግስቱ ይፈትሻል። ተስተካክሎ ካየው ሌላ ይጨምርላችኋል። ሳይስተካከል ካገኘው ዝም ይላል። ዝምታው ስድብ አይደለም፣ ግን ጊዜ ያስከፍላችኋል።

ምስጋና አትጠብቁ። አብዝቶ የሚያርማችሁ መምህር ተስፋ የጣለባችሁ መምህር ነው።

ድንበር ግን አለ። ቻይናውያን ልምምድን "መራራ መብላት" ይሉታል፣ እውነትም መራራ ነው። የጡንቻ ሕመም፣ የላብ፣ የድካም መራራ ነው። ልጅን በዱላ መምታት ግን የዚህ አካል አይደለም። በቻይና የግዴታ ትምህርት ሕግም መምህር ተማሪን መቅጣት በአካል ላይ ከሆነ ክልክል ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ሲሰማችሁ አቁሙ። የጤና መድን ደግሞ ቀድማችሁ ያዙ።

ወደ ምዕራቡ ስትመጡ

አሜሪካ ውስጥ ኩንግ ፉ ቤት ስትገቡ በረድፍ የቆመ ሰው፣ ባለቀለም ቀበቶ፣ "የስ ሰር!" የሚል ጩኸት ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይሄ የጥንት ቻይና ይመስለዋል። አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ በኦኪናዋና በኮሪያ የሰፈሩ የአሜሪካ ወታደሮች ካራቴና ቴኳንዶ ተምረው ተመለሱ፣ በየከተማውም ቤት ከፈቱ። የወታደር ሰፈሩን ሥርዓት ይዘው መጡ። ቀበቶው ራሱ ከጃፓን ጁዶ ነው፤ ጂጎሮ ካኖ በ1882 የመሠረተው። በየደረጃው ቀለም የመቀያየሩን ነገር ያስፋፋው ደግሞ አውሮፓ ነው፣ በተለይ በ1930ዎቹ ፓሪስ ያስተምር የነበረው ካዋይሺ። ኩንግ ፉ ቤቶች በኋላ ሲከፈቱ ደንበኛው ቀበቶ ስለለመደ እነሱም አበጁ። ባህላዊው የቻይና ቤት ቀበቶ አልነበረውም። የቻይና መንግሥት 9 እርከን ያለው የዉሹ ደረጃ ያወጣው በ1998 ነው።

ይህን የምለው የምዕራቡን ለማጣጣል አይደለም። ቻይናም ራሷ ከ1910 ጀምሮ ወደ ክፍት ትምህርት ቤት ስትሄድ ነበር። በዚያ ዓመት ሻንጋይ ውስጥ ጂንግዉ የሚባለው ማኅበር ተከፈተ፤ ከተለያየ ስታይል የመጡ መምህራን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በተዘጋጀ ሥርዓተ ትምህርት፣ ለከፈለ ሁሉ ያስተምሩ ጀመር። በኋላ ሴቶችንም አስገባ። በ1928 ናንጂንግ ላይ መንግሥት የራሱን ማዕከል አቆመ። በ1956 ደግሞ ታይ ቺ በ24 እንቅስቃሴ ተጠቃልሎ ለሕዝብ ወጣ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግም አዲስ አበባም በየአዳራሹ የሚሠራው ይኸው 24ቱ ነው። ሁሉም ነገር ከሺህ ዓመት በፊት እንዳለ አልመጣም።

የምዕራቡ ትልቁ ችግር ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት መቶ ሰዓት ገደማ ይሠራል። በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ የዴንግፌንግ ልጅ ይህን በወር ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እዚህ ያለ መምህር ማቡ ላይ ስድስት ወር ቢያቆማችሁ ሌላ ነገር ሳትማሩ ትቀራላችሁ። ቶሎ ፎርም፣ ማለትም የተያያዘ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል፣ የሚያስይዛችሁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የጎደለውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፣ ቤታችሁ፣ ጠዋት።

እዚህ መጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ይጠበቅባችኋል። ዝም ያለ ተማሪ የገባው ይመስላቸዋል። እኛ ሐበሾች አክብሮት ነው ብለን ዝም እንላለን፣ አሰልጣኙም ያልፈናል። ክፍሉ ሳያልቅ እጅ አውጥታችሁ ጠይቁ። ደግሞ "ጉድ ጆብ" ሲሏችሁ ደስ ይበላችሁ እንጂ መለኪያ አታድርጉት፤ ለሁሉም ነው የሚባለው። እውነተኛውን ለማወቅ "አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል ብል ምን ልሥራ?" ብላችሁ ለብቻው ጠይቁት።

አጠራሩ ቤት በቤት ይለያያል። አንዱ "ኮች" ይባላል፣ አንዱ በስሙ ይጠራል። "ሺፉ"ን "ሲፉ" የሚሉት ቤቶችም አሉ። ወደ አሜሪካ ቀድመው የተሰደዱት ቻይናውያን አብዛኞቹ ከጓንግዶንግ ስለነበሩ የድሮ ቤቶች አነጋገር የካንቶን ነው። የመጀመሪያ ቀን ሌሎቹ የሚሉትን ሰምታችሁ በሉ።

ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። እዚያ ብዙ ልምምድ የሚካሄደው ፌራይን በሚባል የተመዘገበ ማኅበር ነው። ለመመዝገብ ቢያንስ 7 አባል ይፈልጋል፤ ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ አባል ድምፅ ይሰጣል። መዋጮው ከንግድ ቤት ያነሰ ነው። በምትኩ ወንበር አንሱ፣ በዓል ሲኖር ምግብ አምጡ ይባላል። እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ። ለስደተኛ ሰው ቋንቋና ጓደኛ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ቻይናዊው ቤተሰብ የሚሰጠውን ሙቀት ምዕራቡ ውስጥ በቅርበት ያገኘሁት በእንደዚህ ዓይነት ማኅበር ነው፣ አባት ሳይኖር፣ ወንድምና እህት ብቻ።

ለዚያች እናት የነገርኳት

ውል መኖሩ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ቤቱ ኪራይ አለበት። ግን ቆማችሁ አንብቡት፤ ፊርማችሁን ዛሬውኑ የሚፈልግ ቤት ነገም ሊቆይ ይችላል። ወሩ ስንት ነው? ከካርድ በራሱ ይቆረጣል? ዓመቱ ሲያልቅ ሳትጠየቁ ይታደሳል? ልጁ ቢታመም ወይም ቤት ብትቀይሩ እንዴት ይቋረጣል? የቀበቶ ፈተና በየስንት ጊዜው ነው፣ ለብቻው ስንት ይከፈላል? ልብስና መከላከያ ከእነሱ ብቻ ነው የሚገዛው? መልሱን በቃል ሳይሆን ወረቀቱ ላይ አሳዩኝ በሉ። "ስንት ዓመት ውስጥ ጥቁር ቀበቶ ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ቆርጦ ቃል የሚገባ ሰው የሚሸጠው ቀበቶውን ነው።

ከውሉ ጋር "ብጎዳ አልከስም" የሚል ፎርም ይመጣል። በየቤቱ ያለ ነገር ነው፣ አያስደንግጣችሁ። የልጁን አስም፣ የድሮ ስብራት፣ ሁሉን ለአሰልጣኙ ንገሩ። ልጅን ወላጅ ተቀምጦ እንዳያይ የሚከለክል ቤት ግን አትግቡ። በምንም ምክንያት።

ከመፈረም በፊት የሙከራ ክፍል ጠይቁ፤ አብዛኛው ቤት በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ይሰጣል። ቁጭ ብላችሁ አሰልጣኙን ሳይሆን ነባር ተማሪዎቹን እዩ። ትልቁ ልጅ ከትንሹ ጋር ሲፋለም ኃይሉን ይቀንሳል? ሴት ልጆች አሉ? ቆይተዋል? የተጎዳ ሰው ሲኖር ማን ይሮጣል? አሰልጣኙ ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ ስም ይጠራል? ይህ ጥያቄ በሁለቱም ዓለም ይሠራል። ጥሩ መምህር የመምህሩን ስም ሲጠራ ደስ ይለዋል።

ልጇ አሁን ሌላ ቤት ነው የሚሰለጥነው፣ በየወሩ የሚከፈልበት። ቀበቶ የለውም፤ መጀመሪያ አልቅሶ ነበር፣ ኋላ ተወው።

ስትወጡ

ብዙ ሰው መግባትን እንጂ መውጣትን አያስብም። ባህላዊ የቻይና ቤት ውስጥ ሌላ መምህር ጋ ሳይናገሩ መሄድ ከባድ ነገር ነው። ደቀ መዝሙር ለሆነ ሰው እንደ ክህደት ይቆጠራል። ለተራ ተማሪ እንኳ ደስ አይልም። ሌላ ስታይል ማየት ከፈለጋችሁ መምህራችሁን ፈቃድ ጠይቁ። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ጓደኛቸው ጋ ወስደው ያስተዋውቋችኋል። ሳትጠይቁ ከሄዳችሁ ግን ያ ጓደኛም "የማን ተማሪ ነህ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወሬው በአንድ ቀን ይደርሳል። መናፈሻው ትልቅ ቢመስልም ሁሉም ይተዋወቃል።

አገር ለቃችሁ ስትሄዱ ደግሞ በመጨረሻው ቀን በመልእክት ብቻ አትሰናበቱ። በአካል ሂዱ። ፍራፍሬ ወይም ሻይ ቅጠል ያዙ፣ ለባለቤቱም አንድ ነገር ጨምሩ። ቡና ካላችሁ እሱ ይበልጣል፤ የኢትዮጵያ ቡና ስጦታ መሆኑን ያውቃሉ። ሰዓት ግን አትስጡ፣ የግድግዳም የጠረጴዛም፤ ከቀብር ጋር ይያያዛል። የተማራችሁትን ለሌላ ማስተማር ትችሉ እንደሆነ ያን ቀን በግልጽ ጠይቁት። "ለጓደኞችህ አሳያቸው" ካላችሁ ማሳየት ነው፤ ቤት ከፍታችሁ በስሙ ማስተማር ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል።

ምዕራብ ውስጥ ደግሞ መውጫው ወረቀት ነው። ውሉ ላይ የተጻፈውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ቁጠሩ፣ ብዙ ቦታ 30 ቀን ነው። በኢሜይል አሳውቁ፣ መልሱን አስቀምጡ፣ የሚቀጥለው ወር ከካርዳችሁ አለመቆረጡን አረጋግጡ። ከዚያ አሰልጣኙን ሄዳችሁ አመስግኑት። ወደ ሌላ ቤት መሄዳችሁን መደበቅ አያስፈልግም፣ አብዛኞቹ አይቀየሙም። እኔ የተውኩት አንድ ቤት አሰልጣኝ እስካሁን ውድድር ሲኖር ይደውልልኛል፤ እኔም እሄዳለሁ።